ከሰሊጡ ጆንያ ወዲያ

በዚያ ሰኔ የሞባይል ኢንተርኔት በሱዳን ከተዘጋ ሰንብቷል። ገዳሪፍ ውስጥ ዋትሳፕ የሚከፈትላቸው የስልክ ሽቦ ከግድግዳቸው የገባላቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ ነበሩ። በሰፈሩ ደግሞ ሽቦ ያለው የሰሊጥ ነጋዴው የኸድር ቤት ብቻ ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ኸድር ስልኩን እያየ ለብቻው መሳቅ የጀመረው።

ሚስቱ ሰሀር አንድ ቀን በትከሻው ላይ አሾልካ አየች። «ሥራ» ተብሎ ከተመዘገበ ቁጥር ቀይ ልብ መጥቶለታል። ሰሊጥ የሚገዛ ሰው ልብ አይልክም።

ሰሀር አሰበችበት። ኢንተርኔት በጠፋበት ከተማ ልብ የሚልክ ሰው የእነሱን ዋይፋይ የሚጠቀም መሆን አለበት። ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ያለችው ዳሊያ ናት። ዳሊያ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳቋ ግንብ ያልፋል፣ ዓይኗ ኩል አጥቶ አያውቅም።

አርብ ዕለት ሰሀር የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ኸድርን አስቀየረችው። አዲሱን ከእሷና ከኸድር በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በማግስቱ ልቡ እንደገና መጣ፤ አዲሱንም የሰጣት ኸድር ራሱ ነው ማለት ነው።

ሰሀር ቶቦቿን፣ የምትከናነባቸውን ረጃጅም ልብሶች፣ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ሻንጣውን አልጋው ሥር አስገባችው። ከሰላ ከተማ ወንድም አላት። ግን «ቅናት አሳብዷት ቤቷን ጥላ ሄደች» ተብላ የሴቶች ወሬ መሆን አልፈለገችም። የምትሄደው በዓይኗ የምታየው ማስረጃ ስታገኝ ነው።

ገበያው አጠገብ ሉጥፊ የሚባል ባለሙያ ነበር። ዋይፋይ የት ድረስ እንደሚደርስ በየክፍሉ እየዞረ ይለካና በቀለም ካርታ ያወጣል። ቀዩ የሚደርስበት ነው፣ ሰማያዊው የሚደክምበት፣ ግራጫው ጭራሽ የሌለበት።

«ከመኝታ ቤት ወንድሜን ሳነጋግረው ይቆራረጣል፤ ሉጥፊ መጥቶ ቤቱን ይለካልን» አለችው ባሏን።

«ወንድ ሴቶቹ ክፍል ገብቶ አልጋዬን ሊለካ? ወላሂ አይሆንም!» አለ ኸድር። ቆየት ብሎ፣ «ሉጥፊ ዘንድ የምትሠራ ሴት ያለች መሰለኝ፤ እሷን ይላክ» አለ።

ሰሀር ሳትፈልግ ደስ አላት። ከነጉዱ አሁንም ይቀናባታል።

ማክሰኞ ጠዋት መክሊት የምትባል ልጅ ላፕቶፕ አንግታ መጣች። ስደተኞች ሰፈር ያደገች፣ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን ናት። ሰሀር ከራስ ፀጉሯ እስከ አቧራማ ጫማዋ አየቻት። የሚያሰጋ ነገር አላገኘችባትም።

«የይለፍ ቃል ያስፈልግሻል?»

«አይ፣ እታለም። ለመለካት አያስፈልግም። የዋይፋዩ ሳጥን ሲጣራ ላፕቶፑ ከውጭ ሆኖ ይሰማዋል።»

«ደግ ነው። ብትጠይቂኝም አልሰጥሽም ነበር» አለች ሰሀር። ሁለቱም ሳቁ።

መክሊት የቤቱን ንድፍ ላፕቶፑ ላይ ሣለችና መዞር ጀመረች። ትንሽ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ላፕቶፑን ትነካለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። የጀመረችው የዋይፋዩ ሳጥን ካለበት ከዲዋኑ ነው፤ ኸድር እንግዶቹን የሚቀበለው እዚያ ነው። ዲዋኑ ወደ መንገድ የሚያወጣ የራሱ በር አለው።

«ከደጅም ልለካ» አለችና መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ከፍ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ከፈተችው።

«እሰይ! እኔን እኮ ሁልጊዜ ጥፍሬን ነው የሚሰብረኝ» አለች ሰሀር።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ገቡ። የሰሊጥ ጆንያ ከወለል እስከ ጣሪያ የዳሊያን ግንብ ተደግፎ ተደርድሯል። ሰሀር ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ወደ ግቢው ሲወጡ የዳሊያ ራስ ከግንቡ በላይ ብቅ አለ።

«ሰሀር! ምን እያስፈለግሽ ነው? ጂን ገባባችሁ?»

«ጂኑ ከውጭ ነው የሚመጣው» አለች ሰሀር።

«እንግዲያ ካገኘሽው ወደኔ ላኪው! ይኸው ስልኬ ከሞተ ወዲህ ሁለተኛ ባል የቀበርኩ መስሎኛል።» ሳቋ ከራሷ በኋላ ከግንቡ ወዲያ ወረደ።

ሰሀር ፊቷ ጋለ። «ይቺ ናት ስልኬ ሞተ የምትል» አለች በጥርሷ። ከዚያ ወደ መክሊት ጠጋ ብላ፣ «ከጆንያው ወዲያስ? ይደርሳል?» አለቻት።

«አይደርስም። ግራጫ ነው።»

«በደንብ እዪ እንጂ።»

«አየሁ፣ እታለም። ሰሊጡ ሁሉንም ውጦ ያስቀረዋል፤ ግንቡም ወፍራም ነው።»

«ጣሪያ ላይ ብትወጣስ?»

«ማን?»

«ማንም!»

«ማንም ብትወጣ» አለች መክሊት በለሆሳስ።

ሰሀር እዚያው የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ዳሊያ አይደለችም። ምናልባት ልቡን የላከው ካርቱም ያለ የሚቀልድ ነጋዴ ይሆናል። ወንዶች ሲሰለቻቸው የማያደርጉት የለም። ኸድር የሷ ነው።

መኝታ ቤቱ ሲለካ ሰሀር ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትታ ቶቦቹን ወደ ቁም ሣጥኑ ትመልስ ጀመር። ለቀዩም ለቢጫውም መስቀያ ፈለገችላቸው።

«ጨረስኩ። ካርታውን ሉጥፊ አትሞ ይልክልሻል» አለች መክሊት።

«እስኪያትም አልጠብቅም! አሁኑኑ ስጪኝ፣ ለወንድሜም አሳየዋለሁ።»

መክሊት ፈገግ ብላ ስልኳን አወጣች፣ የሰሀርን ቁጥር ተቀብላ የላፕቶፑን ገጽ ፎቶ አነሳችና ሁለት ሦስቴ ነካካች። አልጋው ላይ የነበረው የሰሀር ስልክ ጮኸ።

ሰሀር ዋትሳፑን ከፈተችው። ካርታው ያምራል። ዲዋኑ እንደ ፍም ቀይ፣ መኝታ ቤቱ ሰማያዊ፣ የዳሊያ ቤት ግራጫ።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ!»

መክሊት ጫማዋን አጥልቃ በዲዋኑ በር ወጣች።

ሰሀር ስልኩን አስቀምጣ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ደስታዋ ቸር አደረጋት።

«ምስኪን» አለች ለራሷ፣ «አገር ሙሉ ኢንተርኔት ተርቦ እሷ የይለፍ ቃሉን እንኳ ሳትጠይቀኝ ሄደች።»

የመጨረሻውን ቶብ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ታዲያ ካርታውን በምን ላከችልኝ? ቶቡን መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።