የሙከራ መርዶ

ይሄይስ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ መምህር ነው። ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው ቤቱ ጓዳ ውስጥ ባቆማት ሰርቨር ኮምፒውተር የእድሩን መርዶ በኢሜይል ይልካል። ሰሞኑን ግን ደብዳቤ አልወጣ ብሎት አራት ቀን ከወንበሩ ሳይነሳ ሲፈትሽ ከረመ። ረሃብም አልተሰማውም።

በመጨረሻ ማለዳ ላይ ምክንያቱን ደረሰበት፤ ደብዳቤ የሚወጣበት ፖርት ከኢንተርኔት አቅራቢው ዘንድ ተዘግቷል። በሌላ ፖርት አዞረው። ለሙከራ የሚልከው መርዶ የሟች ስም ይጠይቃል። በሰው ስም ማሟረት ስላልፈለገ የራሱን ሞላ። «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደስም አላለውም።

ረፋድ ላይ እድርተኞች ድንኳን ተሸክመው ግቢው ገቡ። ይሄይስ ወጥቶ ተቀበላቸው።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ይቅርታ፣ ሙከራ እኮ ነው!» አላቸው የእድሩን ዳኛ።

ማንም ሰላም አላለውም። ለቅሶ ቤት ሰላምታ የለምና አልከፋውም።

ጋሽ ከፈለኝ ጓዳ ገብተው፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተመለሱ።

«ወንበሩ ላይ ነው» አሉ። «አራት ቀን ሳይሆነው አይቀርም።»

ጎረቤቱ ሰርካዲስ ስልኳን አወጣች።

«ታዲያ ይህን መርዶ ዛሬ ጠዋት ማን ላከልን?»