ለነጋሪው የሚቀመጠው ኩባያ

ጠዋት ሱቋን ከፍታ እርጎውን በየኩባያው ቀዳች፤ ለቴሌግራም ደንበኞቿም «ደርሷል» ብላ ላከች። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ማን እንደነገረው ጠይቃ፣ ለነጋሪው አንድ ኩባያ በነፃ ታስቀምጥ ነበር። ቡራዩ ውስጥ ደንበኞቿ የበዙት በዚህ ነበር።

«አንቺንስ ማን ነገረሽ?» አለቻት ከሱሉልታ የመጣችውን ሴት።

«ባልሽ ነዋ! ሆስፒታል ከአባቴ አጠገብ ተኝቶ፣ ‹የሚስቴን እርጎ ሳትቀምሱ እርጎ ጠጣን እንዳትሉ› እያለ ሲያስቀን ሰነበተ። ለመሆኑ ተሻለው?»

ባሏ ከተቀበረ ሰባት ወሩ ነበር። አንድ ኩባያ አነሳች፤ ለሌሎቹ ነጋሪዎች እንደምታደርገው ስሙን ክዳኑ ላይ ጻፈችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። መጥቶ የሚወስደው ግን አልነበረም።