ከባዝራዋ በላይ

አናጢዋ የአዲሱን ጋጣ ንድፍ አባቷ ፊት፣ የድርቆሽ እስር ላይ ዘረጋችው። ሁለመናው እንጨት ነው፤ ምድር ቤቱ ለባዝራዋ ፈረሱ፣ ፎቁ ለእሱ መኖሪያ። የአሜሪካዋ ቬርሞንት የክረምት በረዶ እስኪቀልጥ ድረስ፣ እዚያ እንዲገባ በለመነችው ቁጥር የሽማግሌው መልስ አንድ ነበር፦ «እኔ ፈረስ ነኝ እንዴ፣ ጋጣ የምታስገቢኝ?»

ዛሬም ፊቱን አኮሳትሮ አየውና እርሳሱን ከእጇ ነጠቀ። ከባዝራዋ አርቃ፣ ዳር ላይ የሣለችውን አልጋ ሰረዘው። ተስፋ ቆርጣ ወረቀቱን ልትጠቀልል ስትል አጎንብሶ፣ ልክ ከባዝራዋ ማደሪያ በላይ ሌላ አልጋ ሣለ።

«አባዬ፣ እዚህማ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ስትረግጥ አታስተኛህም!»

«እናትሽ ስታንኮራፋ ዕድሜዬን ሙሉ ተኝቻለሁ፤ እንቅልፍ ያጣሁት ዝም ካለች ወዲህ ነው። በይ፣ ምሰሶው መቼ ይቆማል?»