በጓሮ በር የሚወጣው ምግብ

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ሲገባ ከእንግዳው በፊት የሚጎበኘው የቆሻሻ ገንዳውን ነበር። «ሆቴል የሚከስረው በጓሮ በኩል ነው» ይላል። ስኳሩንም፣ ሳሙናውንም፣ የሽንት ቤት ወረቀቱንም ስለሚቆልፍ ሠራተኞቹ በሌለበት «ቁልፉ» ይሉታል። ስሙን ቢሰማ ኖሮ ቅር አይለውም ነበር።

ስብሰባ ባለ ቀን ከቡፌው ብዙ ይተርፋል። እጅ ያልነካው ሩዝ፣ በትሪ የሞላ የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ ዳቦ። ሼፉ አንድ ቀን ደፈር ብሎ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ የሠፈሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው የተረፈ ምግብ እየሰበሰቡ ለጎደለበት ቤት ያከፋፍላሉ። ከእኛም ይውሰዱ?»

«ዛሬ ትርፍ የሰጠ እጅ ነገ ትርፍ ያበስላል፤» አለ ቁልፉ። «ይደፋ። በረኪናም ይፍሰስበት።»

«ደህናው ምግብ ላይ?»

«ደህና ስለሆነ ነዋ! ባይሆንማ ማን ይሰርቀዋል?»

እሱ ራሱ የሆቴሉን ምግብ ባፉ አያዞርም። ከሌላ ሰው ጋር ማንኪያ መጋራት የሚያስጠይፈው ይመስል፣ ሼፉ «ይቅመሱልኝ» ሲለው እጁን ያወናጭፋል። ሰው ማብሸቅ ሲያምረው ግን ወጥ ቤት ገብቶ ሆዱን እያሻሸ ይቆማል።

«ሚስቴ ማታ ማታ የምታቀርብልኝን ብትቀምስ፣ ይህን ነጭ ቆብህን አውልቀህ ወደ አገርህ ትገባ ነበር።»

ሼፉ አንገቱን ደፍቶ ሽንኩርቱን ይከትፋል። ዕቃ አጣቢዋን ሳል ይይዛታል።

«ገበያው እሳት ሆነ ትላላችሁ። እሳት የሚሆነው ላላወቀበት ነው! እኔ ስንጋባ ከቆረጥኩላት አስቤዛ ላይ ሳንቲም አልጨመርኩም። ቤቴ ግን ጎድሎ አያውቅም። ሙያ ይሏችኋል ይህ ነው።»

እንዲህ እየኖረ ሳለ አንድ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሥራ ቀዘቀዘ እንዴ? ገንዳችሁ ቀለለን» አለው።

የቁልፉ ደም ፈላ። መጀመሪያ የጠረጠረው ዕቃ አጣቢዋን ነው። ትልቅ ቦርሳ ትይዛለች፣ ልጆች አሏት፣ ባል የላትም። ለእሱ ሦስቱም ማስረጃዎች ነበሩ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቦርሳዋን ገለበጠው። አንድ ያለቀ ነጠላ ጫማና ማበጠሪያ ወደቁ።

«ዛሬ አመለጥሽ፤» አላት። ይቅርታ የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

ከእሷ ሲያጣው ጥርጣሬውን ወደ ሼፉ አዞረው። ይህ ሰውዬ ምግቡን እየቸረቸረ ነው አለ በልቡ። በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ መጋዘን ገብቶ በትንሿ መስኮት አደባ።

ሼፉ የጓሮውን በር ከፈተ። ውጭ ሴቶች ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ልብሳቸው ታጥቧል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ቁልፉን ከሁሉ ያናደደው ይህ ነበር። ለማኝ እንኳ ወግ አለው፤ ቢያንስ ለማኝ ይመስላል።

«ያዝኳችሁ!» ብሎ እንደ ወፈፌ ዘሎ ወጣ።

ሴቶቹ ብትን አሉ። አንዷማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ዕቃዋን እዚያው ጥላ፣ በአጥሩ ጥግ ተፈተለከች። ቁልፉ ከኋላዋ በሳቅ ፈነዳ።

«ለስንት ነው የምትሸጥላቸው?» አለው ሼፉን።

«አልሸጥም። የተረፈ ነው። የቸገረው ይወስዳል።»

«የቸገረው! ጫማቸውን አላየሁትም?»

«ችግር ሁሉ በባዶ እግሩ አይሄድም፣ ጋሼ።»

«ተረትህን ይዘህ ጥፋ! ነገ ዓይንህን እንዳላይ። ይህም በር ከዛሬ ጀምሮ አይከፈትም።»

ሼፉ ሽርጡን ፈትቶ አጠፈው። ሊሄድ ብሎ አመነታ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔስ ሌላ ቦታ እሠራለሁ። በሩን ግን ባይዘጉት ይሻላል። ለእርስዎው ብዬ ነው።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ!»

ዕቃ አጣቢዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቁልፉ ያን ሁሉ ምግብ ገንዳ ውስጥ አስደፋ። በረኪናውን ለሰው አልተወም። ራሱ አፈሰሰው፤ ጠርሙሱን ገልብጦ እስከ ጠብታው አራገፈ። ከዚያ የጓሮውን በር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወሬውን እጁን እየታጠበ ጀመረው፤ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ ቀጠለ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታዳምጠዋለች። እንዴት እንዳደባ፣ ሴቶቹ እንዴት እንደ ዶሮ እንደተበተኑ፣ ሼፉን እንዴት እንዳባረረው፣ አንድም አላስቀረባትም።

«ያ ሁሉ ዶሮ፣ ያ ሁሉ ሩዝ! በረኪናውን ላዩ ላይ ግልብጥ! እስቲ አሁን ይብሉት!»

ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

«ምን ይዘጋችኋል? በይ እራት አቅርቢ እንጂ፤ በልቼ የመጣሁ መሰለሽ?»

«እሱ ላይ እኮ ነው በረኪና ያፈሰስክበት፤» አለችው ሚስቱ።