ውሃ የማትጠጣ ማኪና

የነጋዴው አኒስ ፖርሽ ማኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ከእኔ ሌላ የሚነካት መካኒክ አልነበረም።

በ1983 ወደ ሱዳን ላሻግረው አኒስን ከፊት ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ቆልፌ ከሚፈልጉት ወታደሮች አሸሸሁት። «አያ አለበል፣ ውሃ!» እያለ ክዳኑን ከውስጥ ደበደበ። የወታደሮቹን ኬላ ካለፍንም በኋላ ለመቆም ፈርቼ አልከፈትኩለትም። ሳንጃ ከተማ ስደርስ ሞቶ ነበር። ብቻዬን ቀበርኩት። ማኪናዋን መልሼ ለቤተሰቡ «ሱዳን ገብቷል» አልኩ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁ ሒክማ «አባቴ ሲመጣ ይንዳት» ብላ ማኪናዋን እንዳድስላት ሰጠችኝ። ልትረከብ ስትመጣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዛለች።

«ምነው ልጄ፣ ይህች ውሃ አትጠጣም» ብዬ ሳቅኩባት።

«ለሞተሩ አይደለም፣ አያ አለበል። አባቴ ዛሬ ደወለ፤ ‹ኬላውን አልፈናል፣ አሁን ይክፈትልኝ በይው› አለኝ።»