ኋላ የቀረው ባል

«አለቀ! ከኋላዬ ማንም የለም!» እላለሁ፣ የመኪናውን በር በክርኔ እየዘጋሁ።

የዘወትር ቃሌ ናት። ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዘው የሚጓዙትን ብስክሌተኞች ከኋላ የምከተል ሾፌር ነኝ፤ ውሃቸውን፣ ትርፍ ጎማቸውንና የደከመውን ሰው እጭናለሁ። የመጨረሻው ሰው ሳያልፍ እኔ አላልፍም። እኔ ማረፊያው ከደረስኩ ሁሉም በሰላም ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ይህችን ቃል ሲሰሙ እፎይ ይላሉ።

ዛሬ ግን ቲቸር ከተቀመጠችበት ድንጋይ ብድግ ትላለች።

«ማንም የለም? ባሌስ?»

ባሏ አጠገቧ ነው። የውሃ ኮዳዋን ይዞላት ቆሟል።

ዘጠኝ ዓመት አውቃቸዋለሁ። እሷ የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ ሁሌም ከፊት ናት። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁሌም ከኔ መኪና አፍንጫ ሥር አይጠፋም። በየማረፊያው ቀድማው ደርሳ፣ ወገቧን ይዛ ትጠብቀዋለች። አምና የመርሳት ሕመም ጀመራት፤ ቀንና ሰው ይምታታባት ጀመር። እግሯ ግን አንድም ነገር አልረሳ። ዘንድሮ እንዳትጠፋበት ፈርቶ፣ ሳንባው እስኪፈነዳ እየረገጠ ከጎኗ ሳይለይ ዋለ። ምን ያደርጋል! ለሷ ባል ማለት ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው።

ሌሎቹ ቀድመው ሄደዋል። ማረፊያው ላይ የቀረነው እኛና ብርቱካን እየላጠች የምታድለው ሴትዮ ብቻ ነን።

«ሐይቅ ገብቷል» ትላለች ቲቸር። ድምጿ ይሰበራል። «መኪናው ደርሶ እሱ ካልደረሰ ሐይቅ ገብቷል ማለት ነው!»

ከነጫማዋ ወደ ውሃው ትሄዳለች። ባሏ ሮጦ ክንዷን ይይዛታል፤ ውሃው የሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ውጧል።

«እኔ እኮ ነኝ፣ ሆዴ። እዪኝ እስቲ። እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ ታየዋለች። ደህና አድርጋ፣ ጊዜ ወስዳ ታየዋለች። 

«እግዜር ይስጥዎ» ትለዋለች፤ «ከጠዋት ጀምሮ ከኔ አልተለዩም፤ ደግ ሰው ነዎት። ግን ይልቀቁኝ። ባሌ ዋና አይችልም።»

ክንዷን አይለቅም። 

ያቺ ቃሌ በአፌ ውስጥ አሸዋ ሆነችብኝ። ምላሴን በቆረጠው! መቼስ የተናገርኩትን መልሼ አልውጠው፤ መዋሸት ግን እችላለሁ።

«ቲቸር! ኧረ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! አንድ ሰው ከኋላ ቀርቷል፤ ጎማ ፈንድቶበት።»

«ማን?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል!»

እንባዋ ሳይደርቅ ትስቃለች። «እሱማ ምን ያድርግ፤ ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ! ይረግጣል እንጂ ከቦታው ፈቀቅ አይልም።» ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ እርስዎ ጎበዝ ነዎት፤ ሄደው ቢያመጡልኝ?»

«አመጣዋለሁ» ይላታል።

ብርቱካን የምትልጠው ሴትዮ እጇን ጠራርጋ ቲቸርን አቅፋ ታስቀምጣታለች። እሱ ብስክሌቱን ወደመጣንበት ያዞራል። እኔም መኪናዬን አዞርኩ። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ወደኋላ ስነዳ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ኩርባውን ስንታጠፍ ከብስክሌቱ ይወርዳል። የመኪናዬን አፍንጫ ይደገፋል። ከጫማው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ወንድሜ፣ አሁንም ባታውቀኝስ?»

ሞተሩን አጠፋለሁ።

«አርባ ዓመት ኖረን፣ ሊያጭ እንደሚሄድ ጎረምሳ ፈራሁ። ባታውቀኝ እኮ... ሌላ ማን ሆኜ እመጣለሁ?»

«አንተ ዝም ብለህ ቀስ እያልክ ሂድ» እለዋለሁ። «እንደ ድሮህ። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

ብስክሌቱን ወደ ማረፊያው አዙሮ ይወጣል። እኔም ዞሬ በእግረኛ ፍጥነት እከተለዋለሁ። ኩርባውን ስንዞር ቲቸር መንገዱ ላይ ወጥታ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እየቀረበ ሲሄድ ትከሻው ይኮማተራል። አሥር እርምጃ። አምስት።

«አንተ ሰውዬ!» ትላለች። «ምነው? ልቤን አወለቅከው እኮ!»

ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ፊቱን በመሐረቧ ትጠርገዋለች፤ ላብ ነው ብላ ይሆናል። እኔ መሪዬን ጨብጬ ወደ ሐይቁ አያለሁ፤ አንዳንድ ነገር አይን ሊያርፍበት አይገባም።

ከዚያ አንገቷን ታሰግጋለች፤ ወደ መንገዱ፣ ወደ መኪናው፣ ደግሞ ወደ መንገዱ።

«ሰውየውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«አብሮኝ የዋለው። እንዴት ያለ ደግ ሰው መሰለህ! አንተን ሊፈልግ እንደሄደ ቀረ እኮ። እንኳን ምሳ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ። ሳላመሰግነው።»

ልብስ ሰፊው ባዶ ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው ኮዳዋን ይዳብሳል።

«ወደ ቤቱ ተመለሰ» ይላታል በመጨረሻ። «እኔ አመስግኜዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ። በል፣ እኔ ልቅደም፤ አንተ ቀስ እያልክ ና።»

ብስክሌቷ ላይ ትወጣለች። ከማረፊያው በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሐይቁ በግራ በኩል ተዘርግቷል። ይከተላታል። ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው፣ ሁለት እጁን ፍሬኑ ላይ ሲያጠብቅ አየሁት። ከፊቱ ያለው መንገድ እየረዘመ፣ የሷ ጀርባ እያነሰ ይሄዳል። እሱ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እንደያዘ ወረደ።