የሲስተር ትርሲት መርዶ

ነርሶች በሐዘን ብዛት እንዳይዝሉ ተብሎ፣ ከሥራ ሲወጡ በሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ማሽን የቀኑን ሐዘን ይወስድላቸዋል። ሲስተር ትርሲት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስቀረችም።

ዛሬ ማለዳ አጎቷ ጋሽ ዘርጋው ከጎረቤት ሴቶች ጋር መርዶ ሊነግሯት መጡ።

«ትርሲትዬ፣ እናትሽ ዐርፋለች።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች፣ ዋርድ ውስጥ እንደለመደችው የእጅ ሰዓቷን እያየች።

ሊይዟት የተጠጉት ሴቶች እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

አፍራ ጓዳ ገባች። እናቷ ትታው የሄደችውን ነጠላ አንስታ አሸተተች፤ ምንም አልመጣም። ልጇ ብሌን አልጋው ላይ ተደፍታ «አያቴ» እያለች ትንሰቀሰቃለች። ትርሲት አጠገቧ ተቀምጣ ጉንጯን በመዳፏ ጠረገችላት። ከዚያ መዳፏ ሳይደርቅ የራሷን ጉንጭ አራሰችበትና ወደ ለቀስተኞቹ ወጣች።